ዋጋው የወረደው ከየት ላይ ተቀንሶ ነው?

መገናኛ አካባቢ፣ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት የኮምፒውተር ጥገና ክፍል ውስጥ አጎትና የእህቱ ልጅ ይጨዋወታሉ። ልጅቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ሜሪላንድ ያለችው አክስቷ ኮምፒውተር ልካላታለች፤ ሻንጣው ስለሞላ ኪቦርዱ ቀርቷል።

ልጅ፦ ጋሼ፣ ሥራ አላስፈታህም፤ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝና ልሂድ። ለጀማሪ የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ የጌም ኪቦርድ የትኛው ነው?

አጎት፦ ቁጭ በይ እንጂ፤ ቆሞ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ምን ልትጫወቺ ነው?

ልጅ፦ ልዩነት አለው?

አጎት፦ አለው እንጂ። ኳስ ከሆነ ኪቦርዱ ይቅርብሽ፤ ጆይስቲክ ግዢ። የዚህ ሰፈር ልጅ ሁሉ ፕሌይስቴሽን ቤት በጨዋታ እየከፈለ ነው ያደገው። አውራ ጣቱ የለመደውን ትቶ ኳስ በኪቦርድ ልጫወት ሲል ሳይ ይገርመኛል። ጆይስቲክ ተጫዋቹን ወደፈለግሽው ማዕዘን፣ በፈለግሽው መጠን ይወስድልሻል። አራት ቁልፍ ግን ቢበዛ ስምንት አቅጣጫ ነው የሚያውቀው።

ልጅ፦ ኳስ አይደለም። ቫሎራንትና ካውንተር ስትራይክ 2 ነው። ሁለቱም በነጻ ይወርዳሉ፤ የክፍሌ ልጆች የሚጫወቱትም እነሱን ነው።

አጎት፦ እንግዲያው ኪቦርድና ማውዝ የግድ ነው። ስንት ይዘሻል?

ልጅ፦ አክስቴ ለሁለቱም ብላ 50 ዶላር ልካልኛለች። ያየሁትም አለ፤ ይኸው ቴሌግራም ላይ። «ጌሚንግ ኪቦርድ፣ ሜካኒካል ፊል፣ ባለ 26 ቁልፍ አንቲ ጎስቲንግ፣ አርጂቢ መብራት።» ደግሞ ሲያምር!

አጎት፦ ማማሩን አልክድም። እኔ ግን ርካሽ ዕቃ ሳይ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ዋጋው የወረደው ከየት ላይ ተቀንሶ ነው? ከምንም ሳይቀነስ የረከሰ ዕቃ አላየሁም። ከመብራቱ ቀንሰው ከሆነ ጎሽ ብያለሁ። ከገመዱ ከሆነ ዓመት ሳይሞላ ይዘሽው እዚህ ትመጫለሽ። ከውስጥ መስመሩ ከሆነ ደግሞ የምታውቂው ጨዋታው ሲጋጋል ነው።

ልጅ፦ የዚህኛውስ ከየት ነው?

አጎት፦ «ሜካኒካል ፊል» ያሉትን ደግመሽ አንብቢ። ሜካኒካል ነው አላሉም፤ ይመስላል ነው ያሉት። ከሥሩ ያው የቢሮ ኪቦርድ ነው። ሦስት ስስ ፕላስቲክ አለው፤ ላይኛውና ታችኛው ላይ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ መስመር ታትሞባቸዋል፣ መካከለኛው ደግሞ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ማራራቂያ ነው። በላያቸው ላይ የጎማ ጉልላት ተደርድሯል። ስትጫኚ ጎማው ይሰረጉድና ሁለቱን ፕላስቲኮች ያነካካቸዋል። ሜምብሬን የሚባለው ይህ ነው።

ልጅ፦ ሜካኒካሉስ?

አጎት፦ እዚያ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስዊች አለው፤ ውስጡ የብረት ስፕሪንግና የሚነካኩ ብረቶች ያሉት ትንሽ ሳጥን። የተለመደው ስዊች አራት ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ግን መንገዱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ እስከ ወለሉ መደብደብ የለብሽም። ጎማው ግን አብዛኛውን ጊዜ እስከ ታች ካልተጫነ አይሠራም፤ እየሰነበተም ይለሰልሳል። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ለጥሩ ሜምብሬን አሥር ሚሊዮን ጊዜ መጫን፣ ለሜካኒካል ስዊች ሃምሳ ሚሊዮን ነው የሚጽፉት።

ልጅ፦ ሱቅ ስገባ በምን እለየዋለሁ? ሻጩ ሁሉንም ሜካኒካል ነው ሊለኝ ይችላል።

አጎት፦ ይልሻላ! አንዱን የቁልፍ ክዳን ነቅለሽ እዪ። አራት ማዕዘን ሳጥን ለብቻው ተተክሎ፣ ከመሃሉ የመስቀል ቅርጽ ያለው ባለቀለም ዘንግ ከወጣ ሜካኒካል ነው። መስቀሉን ብቻ አይተሽ ግን አትመኚ፤ አንዳንድ ሜምብሬንም አሁን መስቀል ያወጣል። ዘንጉ የገባው ከኪቦርዱ አካል ጋር አብሮ በተቀረጸ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ከሆነ ከሥሩ ጎማ አለ። «አይነቀልም» ካለሽ ደህና ዋል ብለሽ ውጪ።

ልጅ፦ እሺ፣ ሜምብሬን ቢሆንስ ምን ክፋት አለው? አንተ ራስህ ቀኑን ሙሉ የምትጽፈው በሜምብሬን ነው።

አጎት፦ ለጽሑፍ አንድም ክፋት የለውም። ለጨዋታ የሚያስቸግረው ብዙ ቁልፍ ባንዴ ሲጫኑ ነው።

ልጅ፦ አንቲ ጎስቲንግ የሚሉት?

አጎት፦ እሱ ራሱ። ኪቦርዱ መቶ ያህል ቁልፍ አለው። ለያንዳንዱ የራሱን መስመር እስከ ቺፑ ይዘርጉለት ቢባል ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ቁልፎቹን በረድፍና በዓምድ ያያይዟቸዋል፤ ቺፑ እየዞረ የትኛው ረድፍ ከየትኛው ዓምድ ጋር እንደተነካካ ይጠይቃል። ኮንዶሚኒየም አስቢ። ጥበቃው ማን ቤት እንዳለ የሚያውቀው በሁለት ዓይነት መብራት ነው እንበል፤ ለየወለሉ አንድ፣ ለየደረጃው አንድ። ሁለተኛ ወለል ላይ በግራው ደረጃም በቀኙም በኩል ሰው አለ። አራተኛ ወለል ላይ በግራው በኩል ብቻ አለ። ጥበቃው መብራቶቹን ሲያይ ምን ይላል?

ልጅ፦ አራተኛ ወለል በቀኙ በኩልም ሰው አለ ይላል።

አጎት፦ የሌለ ሰው መዘገበ ማለት ነው። ሦስት ቁልፍ ባንዴ ስትጫኚ ያልነካሽው አራተኛ ቁልፍ የሚታየው እንዲሁ ነው።

ልጅ፦ እኔ ግን ያልነካሁት ፊደል ሲጻፍ አይቼ አላውቅም።

አጎት፦ ቺፑ ብልሃት ስላለው ነው። ነገሩ ሲያጠራጥረው ሦስተኛውን ቁልፍ ጭራሽ አልቀበልም ይላል። ለጸሐፊ ጥሩ ብልሃት ነው፤ ለተጫዋች ግን መዘዝ። ጎንበስ ብለሽ በሰያፍ እየሄድሽ ልትዘይ ስትይ ዝላዩ ይቀራል። ትሞቻለሽ፤ ከዚያ ኢንተርኔቱን ትረግሚያለሽ።

ልጅ፦ (እየሳቀች) «ላግ አደረገ» እንላለን።

አጎት፦ መድኃኒቱ ዳዮድ ነው፤ ኤሌክትሪክን ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ። በየቁልፉ ሥር አንድ አንድ ሲገባ የተሳሳተው መንገድ ይዘጋል። ዋጋው ኢምንት ነው፤ ነገር ግን በታተመ ስስ ፕላስቲክ ላይ መበየድ አይመችም። ሜካኒካሉ ስዊቾቹ በስታኞ የሚበየዱበት ቦርድ ስላለው፣ ርካሹም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ዳዮዱ አለው። የሜምብሬኑ 26 ቁልፍ ማለት ግን ተመርጠው እርስ በርስ እንዳይጋጩ የተደረደሩ 26 ቁልፎች ማለት ነው፤ አብዛኞቹም ዳብሊው፣ ኤ፣ ኤስ፣ ዲ ዙሪያ ያሉት።

ልጅ፦ እኔስ የምጫወተው በምን ሆነና? ግራ እጄ ከዚያ አይነሣም። 26ቱ ካሉኝ የቀረው ቢጋጭ ምን ቸገረኝ?

አጎት፦ እውነትሽን ነው። በትክክል ከሠሩት ለአንቺ ይበቃሻል። ኪቦርድ ዩኤስቢ ላይ በሚጠቀምበት በመጀመሪያው ቀላል ዘዴ እንኳ ሺፍትና ኮንትሮልን ሳይጨምር ስድስት ቁልፍ ባንዴ ያልፋል፤ ያንድ እጅ ጣት ደግሞ አምስት ነው። «መቶ ቁልፍ ባንዴ» የሚል ካየሽ ዋጋ አትጨምሪበት። እኔን የሚያሳስበኝ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው እውነት መሆን አለመሆኑ ነው፤ እሱን ደግሞ ጣትሽ ይፈትነዋል። ሱቁ ኮምፒውተር ላይ ኖትፓድ አስከፍቺ። ሁለቱንም ሺፍት በአውራ ጣቶችሽ ይዘሽ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ንኪ፤ የቀረ ካለ ታዪዋለሽ። ቀጥሎ ዋናው ፈተና፦ ዳብሊውና ዲን፣ ከዚያ ሺፍትን፣ ከዚያ ስፔስን ያዢ። አራቱ እንደተያዙ አር እና ኢን ንኪ። ዲን በኤ ቀይረሽ ድገሚው። ሁሉም ካለፈ ሜምብሬን ሆነ ሜካኒካል ግድ የለኝም።

ልጅ፦ ቆይ፣ ለመሆኑ ቀስቶቹ እያሉ ዳብሊው፣ ኤ፣ ኤስ፣ ዲን ማን መረጣቸው?

አጎት፦ ብዙ ሰው በየቤቱ ሞክሮት ነበር፤ ያስፋፋው ግን ዴኒስ ፎንግ ነው ይባላል። ትሬሽ በሚል ስም የሚጫወት ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 በኩዌክ ውድድር አሸንፎ ከጨዋታው ሠሪዎች አንዱ የሆነው ጆን ካርማክ የሚነዳትን ፌራሪ ተሸለመ። ከዚያ ወዲህ ዓለም የጣቶቹን አቀማመጥ ቀዳ። ግራ እጅ እዚያ ሲያርፍ ሺፍትም ኮንትሮልም ስፔስም ቅርብ ናቸው፤ ቀኝ እጅ ደግሞ ከማውዙ አይነሣም። ቀስቶቹ ጋ ምን ጎረቤት አለ?

ልጅ፦ ፌራሪ! እናቴ ይህን ብትሰማ ኪቦርዱን ራሷ ትገዛልኝ ነበር። በል፣ ፍጥነቱስ? አንዱ 1,000 ኸርዝ ይላል፣ ሌላው 8,000።

አጎት፦ ኪቦርዱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ ለኮምፒውተሩ እንደሚያስታውቅ ነው። የድሮው 125 ጊዜ ነው፤ በየስምንት ሚሊ ሴኮንዱ። 1,000 ሲሆን በየአንድ ሚሊ ሴኮንዱ። ስለዚህ ከ125 ወደ 1,000 ስትሄጂ የምታተርፊው ቢበዛ ሰባት ሚሊ ሴኮንድ ነው። ከ1,000 በላይ ያለው ደግሞ ያንድ ሚሊ ሴኮንድ ሽርፍራፊ። የምትጫወቺበት ሰርቨር የት ነው?

ልጅ፦ አንዳንዴ ፍራንክፈርት ይላል።

አጎት፦ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሚሊ ሴኮንድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልሱ ገመዱ እንደ ወፍ በረራ ቀጥ ቢል እንኳ ከ50 ሚሊ ሴኮንድ አያንስም፤ ገመዱ ደግሞ ቀጥ አይልም፣ ባሕር ለባሕር ይዞራል። በዚህ ላይ ለ8,000 ኸርዝ የምትጨምሪው ገንዘብ ለሻጩ ስጦታ ነው።

ልጅ፦ ማግኔት ያለውስ? ክፍላችን አንድ ልጅ አለው፤ ቁልፉን ገና ለቀቅ ሲያደርገው ይቆማል።

አጎት፦ እሱ ቁምነገር አለው፤ አላቃልለውም። የሚነካካ ብረት የለውም፤ ማግኔቱ ምን ያህል እንደወረደ ሴንሰሩ ስለሚለካ ቁልፉ ጥቂት ከፍ ሲል እንደተለቀቀ ይቆጥረዋል። ካውንተር ስትራይክ ላይ ለማነጣጠር ቶሎ መቆም ያስፈልጋል፤ ወደ ቀኝ እየሮጥሽ ለመቆም ዲን ለቀሽ ኤን ነካ ታደርጊያለሽ። ይህን የጣት ችሎታ ኪቦርዱ ራሱ የሚሠራበት ዘዴም መጣና፣ የጨዋታው ባለቤት ቫልቭ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ካውንተር ስትራይክ 2 ላይ ከለከለው። ማግኔቱን አይደለም የከለከለው፤ በጣት ፈንታ የሚሠራውን አውቶማቲክ ዘዴ ነው። ለማንኛውም አንቺ መጀመሪያ መቆሙን በጣትሽ ልመጂ።

ልጅ፦ መብራቱንስ ምን ልትለው ነው? እንደምትጠላው አውቃለሁ።

አጎት፦ አልጠላውም፤ የዋጋው ማስመሰያ ሲሆን ነው የሚያናድደኝ። ብዙ ርካሽ ኪቦርድ አርጂቢ ብሎ የሚሸጥልሽ በየረድፉ አንዳንድ ቀለም የተመደበለት ነው፤ ቀዩ ረድፍ ዕድሜ ልኩን ቀይ ነው።

ልጅ፦ ይሁን! እኔ የምጫወተው ማታ ነው፤ ክፍሉን የምጋራው ከአያቴ ከእማማ ጋር ነው፤ አምፖል አብርቼ አልቀመጥም። ፊደሎቹን ገና በቃሌ አላውቃቸውም። ለአንተ ጌጥ የሆነው ለኔ መብራት ነው።

አጎት፦ እሱን አላሰብኩትም፤ ልክ ነሽ። እንግዲያው ብርሃኑ በፊደሉ ውስጥ የሚያልፍ መሆኑን እዪ። አንዳንዱ በቁልፎቹ ዳር ዳር ያበራል እንጂ ፊደሉን አያሳይም። ፊደሉ በቀለም የተቀባ ከሆነ ቶሎ ይለቃል፤ መጀመሪያ የሚጠፉት ያው የጌም ቁልፎች ናቸው። በሁለት ፕላስቲክ ተደራርቦ የተቀረጸ ከሆነ አይጠፋም። ከእማማ ጋር ከሆነ የምትተኚው ግን ሰማያዊውን ስዊች እርሺው።

ልጅ፦ ለምን? ልጆቹ ድምፁ ደስ ይላል ይላሉ።

አጎት፦ እነሱን ደስ ይላቸዋል። በየምቱ ቀጭ ይላል፤ እናቴ ደግሞ ሌሊት ለጸሎት የምትነሣ ሰው ናት፤ በማግስቱ ኪቦርዱን ከነገመዱ ታወጣልሻለች። ለፈጣን ድግግሞሽም አይመችም፤ ከሠራበት ቦታ ከፍ ብሎ ካልተመለሰ ሁለተኛውን ምት አይቆጥርም። ቀዩ ልስልስ ነው፤ 45 ግራም ያህል ኃይል ይበቃዋል፣ ምንም ሳያደናቅፍ ይወርዳል። ቡናማው መሃል ላይ ትንሽ ጉብታ አለው፤ ሳይጮህ ይነግርሻል። ለአንቺ ቡናማ ነው የምመርጠው፤ ለትምህርትሽም ትጽፊበታለሽ፣ ቀዩ ላይ ጣት ሲያርፍ ያልታሰበ ፊደል ይገባል።

ልጅ፦ ለተኩስ ጨዋታ ግን ሁሉም ቀይ ነው የሚለው።

አጎት፦ ሁሉም እማ ብዙ ይላል። ሁለቱንም ሱቅ ውስጥ ተጫኚያቸው፤ ጣትሽ ከኔ ቃል ይበልጣል። ደግሞ ቀለሙ የፋብሪካ ስም አይደለም። ይህን የስዊች ዓይነት ያወጣው ቼሪ የተባለ የጀርመን ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አጋማሽ የፈጠራ መብቱ ጊዜ ሲያልፍ ጌትሮን፣ ካይል፣ አውቴሙ የሚባሉት የቻይና ፋብሪካዎች ያንኑ ቅርጽ ይሠሩ ጀመር። ሜካኒካል ኪቦርድ እንዳንቺ ያለ ተማሪ ኪስ የደረሰው በዚያ ምክንያት ነው። ሬድራጎን ኬ552 የሚባለውን አይተሽ ይሆናል፤ ባለ 87 ቁልፍ፣ የአውቴሙ ስዊች ያለው፣ አሜሪካ ከ30 እስከ 40 ዶላር የሚሸጥ። ስዊቹ ያለ ብየዳ የሚነቀል ዓይነት ከተገኘ ደግሞ ይመረጣል። አቧራ ገብቶ አንድ ቁልፍ ሁለት ሁለቴ መጻፍ ሲጀምር ያንን ስዊች ነቅለሽ፣ ብዙ ከማትነኪው ከስክሮል ሎክ ሥር ያለውን ትተኪበታለሽ። እኔ ጋ መምጣትም አያስፈልግሽ።

ልጅ፦ 87 ነው 61 የሚሻለኝ? ባለ 61ዱ ትንሽዬ ናት፤ ታምራለች።

አጎት፦ ለማውዝ ቦታ መተዋ ጥሩ ነው። ቀስቶቹ፣ የኤፍ ቁልፎቹ፣ ዲሊቱ ግን ከሌላ ቁልፍ ጋር ተጣምረው ነው የሚሠሩት። ካውንተር ስትራይክ ላይ የትእዛዝ መስኮቱን የሚከፍተው ከኢስኬፕ ሥር ያለው ቁልፍ እንኳ እዚያ ብዙውን ጊዜ ለብቻው የለም። አንቺ ደግሞ ጥናታዊ ጽሑፍሽን በአማርኛ በፓወር ግዕዝ ወይም በኪማን ልትጽፊ ነው፤ አብዛኛው ፊደል ሁለት ቁልፍ ይፈልጋል፤ ለእርማት ቀስት እየፈለግሽ መቸገር የለብሽም። ባለ 87ቱ የቁጥር ሰሌዳውን ብቻ ነው የተወው። እሱ አይጎዳሽም።

ልጅ፦ ፓሪስ ያለ ዘመዳችን ያገለገለ ልላክልሽ ብሎኝ ነበር።

አጎት፦ የፈረንሳይ ኪቦርድ ላይ ኤ እና ኪው፣ ዳብሊው እና ዜድ ቦታ ተለዋውጠዋል። ዊንዶውሱን ወደ እንግሊዝኛ ብትቀይሪው ይሠራል፤ ክዳኖቹ ላይ የተጻፈው ግን ሌላ ነው። ፊደል በቃሌ አላውቅም ላለች ልጅ አይሆንም። የጀርመኑ ዋይና ዜድን ብቻ ነው የቀያየረው፤ ያ ይቻላል። ከዱባይ የሚመጣው ዓረብኛ ቢታተምበትም የላቲኑ ቦታ ያው ስለሆነ ችግር የለውም። ገመዱንም እዪ። ከኪቦርዱ የሚነቀል ዩኤስቢ ሲ ከሆነ ሲበጠስ ዳታ ያለው ማንኛውም የስልክ ገመድ ይተካዋል። እዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚመጡልኝ ገመዳቸው ከሥሩ የተሰበረ ናቸው፤ መበየድ እችላለሁ፣ ግን ምን ያደርጋል፣ እንደገና እዚያው ይታጠፋል። ገመድ አልባ በዚህ ገንዘብ አታስቢ፤ ባትሪና ሬዲዮ ሲጨመርበት ከሌላ ቦታ ይቀንሱልሻል።

ልጅ፦ በ50 ዶላር ሁለቱም ይገኛሉ ወይ? አምና ሰው የነገረኝ ዋጋ አሁን የለም።

አጎት፦ ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ ያልተለወጠ ዋጋ የለም። ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። የ30 ዶላር ኪቦርድ ከ1,700 ብር ተነሥቶ 3,000ን ተሻገረ ማለት ነው፤ ማጓጓዣና ትርፍ ሳይጨመር። ስለዚህ እዚህ ሜካኒካሉን ገዝተሽ ለማውዝ ምንም ላይተርፍሽ ይችላል። ለዚህ ጨዋታ ደግሞ፣ ምርጫ ካጣሽ፣ ደህና ማውዝና ተራ ኪቦርድ ከደህና ኪቦርድና ከተራ ማውዝ ይሻላል። የምታነጣጥሪው በማውዝ ነው።

ልጅ፦ ታዲያ ምን ላድርግ?

አጎት፦ እዚያ መደርደሪያ ላይ ከቢሮ የወጡ ኪቦርዶች አሉ። ሁለተኛውን አምጪና ሰኪው።

ልጅ፦ ይህን? መብራት እንኳ የለውም!

አጎት፦ ፈትኚው እንጂ። ሁለቱንም ሺፍት ያዢ።

ልጅ፦ እሺ… ኤ፣ ቢ፣ ሲ… ኤክስ አልወጣም። ኤን፣ ኤም አልወጡም።

አጎት፦ እነሱን ተያቸው። አሁን ዳብሊው፣ ዲ፣ ሺፍት፣ ስፔስ።

ልጅ፦ ዳብሊው አለ፣ ዲ አለ… ስፔሱም ገባ። አር፣ ገባ። ኢ… ኢ አልገባም።

አጎት፦ በኤ ድገሚው።

ልጅ፦ በኤ ሁሉም ገባ። ኢ የሚጠፋው ከዲ ጋር ሲሆን ነው። ቫሎራንት ላይ ኢ ችሎታ መጠቀሚያ ነው፤ ግን የፈለግሁት ቁልፍ ላይ ላዛውረው እችላለሁ፤ ኤፍ ላይ ላድርገው?

አጎት፦ ኤፍን ሞክሪው።

ልጅ፦ ገባ! አራቱን ይዤም ገባ። ጋሼ፣ ይህን ልውሰደውና ገንዘቡን ማውዝ ልግዛበት? ሜካኒካሉን አክስቴ ለገና ስትመጣ በሻንጣ ታምጣልኝ። ቀዩን።

አጎት፦ ቡናማውን በያት። ለማታው ደግሞ ያቺን ታጣፊ የዩኤስቢ አምፖል ከመሳቢያው ውሰጂ፤ ወደ ቁልፎቹ አዘንብያት፣ እማማ ላይ እንዳታበራ።